ኮንግረስ ውስጥ የሚሸጎጠው የወረዳ ገንዘብ፦ የአላስካው ድልድይ ብር የት ገባ?

ሳሪስ_አቦ፦

ሰላም ቤተሰብ። ታክስ ተከፍሎ አለቀ? እኔ ዘንድሮ ተመላሽ ስጠብቅ ጭራሽ ጨምር ተብዬ ከፍያለሁ፤ ንዴቴ ገና አልበረደም። እዚሁ ልወጣው።

ስለ ኢርማርክ ነው። ለማያውቅ ባጭሩ፦ ትልቁ የበጀት ሕግ ሲረቀቅ አንድ የኮንግረስ አባል «ለእኔ ወረዳ ይችን ታህል ሚሊዮን፣ ለዚያ ድልድይ፣ ለዚህ ሙዚየም» ብሎ በስም ያስገባል። የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ አወዳድሮ የመረጠው አይደለም። ሌላው አባል አይቶ ዝም ይላል። ለምን ቢባል የሱም እዚያው ውስጥ አለች። አሜሪካኖቹ ፖርክ የሚሉት ነገር ነው።

በ2005 የወጣውን የመንገድ ሕግ እዩልኝ። 286 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ውስጡ ከ6 ሺህ በላይ ኢርማርክ ተሰግስጎ ነበር። ስመ ጥሩው የአላስካው ድልድይ ነው፤ ኬቺካን የምትባል ትንሽ ከተማን ማዶ ካለችው ግራቪና ደሴት ጋር የሚያገናኝ። ደሴቷ ላይ የሚኖረው ሕዝብ 50 ሰው ገደማ ነው። ለዚህ 223 ሚሊዮን ዶላር። አንኮሬጅ አጠገብ ለታሰበ ሌላ ድልድይ ደግሞ እንደዚሁ ከ200 ሚሊዮን በላይ። ለምን አላስካ? የምክር ቤቱ የትራንስፖርት ኮሚቴ ሊቀመንበር ዶን ያንግ የአላስካ ሰው ነበራ! በሴኔት በኩል ደግሞ ቴድ ስቲቨንስ አለ። ያንግ እንዲያውም የሚስቱን ስም «ሉ»ን የሕጉ አጭር ስም መጨረሻ ላይ ለጥፎታል። እንዲህ ያለ ድፍረት።

ከሁሉ የባሰኝ ግን ይሄ ነው። ካትሪና ኒው ኦርሊንስን ካጥለቀለቀች ገና ሁለት ወር ሳይሞላ ቶም ኮበርን የሚባል የኦክላሆማ ሴናተር «ይሄን የድልድይ ገንዘብ ሉዊዚያና ውስጥ በአውሎ ነፋሱ ለፈራረሰው የፖንቻርትሬን ሐይቅ ድልድይ እናውለው» ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ስቲቨንስ ተነስቶ «ይሄ ካለፈ ከሴኔቱ እለቃለሁ» ብሎ ጮኸ። ድምፅ ተሰጠ። 15 ደገፉ፣ 82 ተቃወሙ። ሁለቱም ፓርቲ ነው የተቃወመው፤ ዴሞክራት ሪፐብሊካን እያላችሁ እንዳትመጡብኝ።

ይሄ በሕግ የተፈቀደ ሌብነት ካልሆነ ምንድነው?

ሚጥሚጣ፦

ለ50 ሰው 223 ሚሊዮን? ለነፍስ ወከፍ ከ4 ሚሊዮን በላይ ነው እኮ። ብሩን በእጃቸው ቢሰጧቸው ድልድዩን ትተው ማያሚ ይገቡ ነበር 😂

ሲያትል_ዝናብ፦

ቆይ ቆይ። እኔ ኬቺካን ሠርቻለሁ። የዓሣ ፋብሪካ። ሲያትል የኖረ ሐበሻ ያውቀዋል፤ ሰመር ላይ ሄደህ ቀን ከሌት ዓሣ ስትዘለዝል ቆይተህ ትንሽ ብር ይዘህ ትመለሳለህ።

50 ሰው የሚለው እውነት ነው፣ ግን ግማሽ እውነት ነው። የከተማዋ ኤርፖርት ያለው እዚያችው ደሴት ላይ ነው። ከአውሮፕላን ወርደህ ሻንጣህን እየጎተትክ መኪና የሚያሻግር ጀልባ ላይ ትወጣለህ፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ማዶ ነህ። ዝናቡ ደግሞ አይጣል ነው። ስለዚህ የአገሬው ሰው ድልድይ ቢመኝ አልፈርድበትም። ዋጋውን ሰማይ የሰቀለው ቱሪስት የሚያመላልሱት ግዙፍ መርከቦች በሥሩ ማለፍ ስላለባቸው ነው። በጣም ከፍ ብሎ መሠራት ነበረበት። ጠቅላላው ወደ 400 ሚሊዮን ተገምቶ ነበር። እና አዎ፣ ጀልባው እየሠራ ለዚያ ያን ያህል ብር ማውጣት አይገባም ባይ ነኝ። ግን ዜናው «50 ሰው» እያለ ሲያራግበው ኤርፖርቱን ዝም ብሎ ማለፉ ያናድደኛል።

ደግሞ ሳሪስ፣ ታሪኩን መሐል ላይ ነው ያቆምከው። ድልድዩ ተሰረዘ ሲባል ብዙ ሰው ገንዘቡ የተመለሰ ይመስለዋል። አልተመለሰም! ኖቬምበር 2005 ላይ ኮንግረሱ ያደረገው «ለዚህ ድልድይ ብቻ» የሚለውን ግዴታ ማንሳት ነው። ብሩ እዚያው አላስካ ቀረ፣ ስቴቱ በመረጠው መንገድ ላይ ያውለው ተባለ። ሣራ ፔሊን በ2006 ለገዢነት ስትወዳደር ድልድዩን ትደግፍ ነበር። በሴፕቴምበር 2007 ራሷ ሰረዘችው። በ2008 ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ስትቀርብ ደግሞ «ለኮንግረስ አልፈልግም አልኳቸው» እያለች በየመድረኩ ትፎክርበት ገባች። ደሴቷ ላይ ግን ወደ ድልድዩ የሚወስደው መንገድ ተሠርቶ አልቋል። ከ25 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈጅቷል። መንገዱ አለ፣ ድልድዩ የለም።

ሚጥሚጣ፦

መንገዱ አለ ድልድዩ የለም!! ወይ አገር። እኔ ይሄ ነገር ሌላ ቦታ ብቻ የሚሆን ይመስለኝ ነበር።

የቁጥር_ሰው፦

ሥራዬ ሒሳብ ስለሆነ ልጨቅጭቃችሁ ነው፣ ቻሉኝ።

በ2023 የበጀት ዓመት ኢርማርክ ተደምሮ 15 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ቁጥሩ ያስደነግጣል አይደል? የፌዴራል መንግሥቱ የዚያ ዓመት ወጪ ደግሞ ከ6 ትሪሊዮን በላይ ነው። ከመቶ ብር ሃያ አምስት ሳንቲም ማለት ነው። የወለድ ክፍያው ብቻ በ2024 ከ800 ቢሊዮን በላይ ሄዷል። አገሪቱን ዕዳ ውስጥ የከተታት ሶሻል ሴኩሪቲ (የጡረታው)፣ ሜዲኬር (የአረጋውያን ሕክምናው)፣ መከላከያ፣ ወለድና የታክስ ቅነሳ ነው። የሻይ ጀበና ሙዚየም አይደለም። (አዎ፣ እሱም ነበር። ሰሜን ካሮላይና ስፓርታ ለምትባል ከተማ የሻይ ጀበና ሙዚየም ተብሎ ግማሽ ሚሊዮን ተይዞ ነበር።)

ሁለተኛው ነገር ደግሞ ሰው የማይገባው ነው። ኢርማርክ ሲሰረዝ ወጪው አይቀንስም። የበጀቱ ጣሪያ አስቀድሞ ተቆርጧል። ኢርማርኩ የሚወስነው ከዚያ ውስጥ ይቺ ብር ለማን ትሂድ የሚለውን ነው። ካልተወሰነላት መሥሪያ ቤቱ ያከፋፍላታል እንጂ ወደ አንተ ኪስ አትመለስም።

ማስረጃ ከፈለግህ፦ ከ2011 እስከ 2021 ኢርማርክ ታግዶ ነበር። አሥር ዓመት ሙሉ። በዚያው ጊዜ የአገሪቱ ዕዳ ከ14 ትሪሊዮን ወደ 28 ትሪሊዮን ነው የደረሰው። እጥፍ! ታዲያ የት አለ ቁጠባው?

ሳሪስ_አቦ፦

@የቁጥር_ሰው ወንድሜ ቁጥሩን አልክድም። ግን ሃያ አምስት ሳንቲምም ብትሆን ሌባ ከገባባት ሌባ ነው።

ራንዲ ከኒንግሃምን ረሳኸው? የካሊፎርኒያ የኮንግረስ አባል፣ በቬትናም ጦርነት ጀግና ተብሎ የተሸለመ አብራሪ። መከላከያ በጀት ውስጥ ኢርማርክ እያስገባ ከኮንትራክተሮች 2.4 ሚሊዮን ዶላር ጉቦ በላ። ያውም የጉቦውን ተመን በራሱ ጽሕፈት ቤት ወረቀት ላይ ጽፎ፦ ይህን ያህል ሚሊዮን ኮንትራት ከፈለግህ ጀልባዋን፣ ከዚያ በላይ ከሆነ በየሚሊዮኑ ይህን ያህል ጨምር እያለ። እንደ ሬስቶራንት ሜኑ። በ2006 ስምንት ዓመት ከአራት ወር ተፈረደበት። ትራምፕ በ2021 ቤተ መንግሥቱን ሊለቅ ሲል ይቅርታ አደረገለት።

ችግሩ የብሩ መጠን አይደለም። 6 ሺህ ነገር በአንድ ሕግ ውስጥ ተደብቆ ማን እንዳስገባው ሳይታወቅ ሲያልፍ፣ ያን የሚያነብ ማን ነው? ማንም! ጉቦኛው የሚወደው ይሄንን ነው። ጃክ አብራሞፍ፣ ያ የታሰረው ሎቢስት፣ የበጀት ኮሚቴውን ምን ብሎ ይጠራው እንደነበር ታውቃለህ? የውለታ ፋብሪካ!

ሽማግሌው፦

ልጆቼ፣ ይሄ ነገር እናንተ እንደምታስቡት አዲስ አይደለም። እኔ በደርግ ጊዜ ነው የመጣሁት፣ ከዲሲ ወደ ምዕራብ ዕቃ እያመላለስኩ ብዙ ዘመን ነድቻለሁ። ዌስት ቨርጂኒያ ስትገቡ የመንገዱን ስም አንብቡ። ሮበርት ቢርድ አውራ ጎዳና። ትንሽ ስትሄዱ የሮበርት ቢርድ ድልድይ። የሮበርት ቢርድ ሕንፃ። ግሪን ባንክ ያለው ያ ግዙፍ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ሳይቀር በስሙ ነው። ከ1959 እስከ ሞተበት እስከ 2010 ሴናተር የነበረ ሰው ነው፣ በ1989 የሴኔቱ የበጀት ኮሚቴ ሊቀመንበር ሲሆን ለስቴቴ የቢሊዮን ዶላር ኢንዱስትሪ እሆናለሁ ይል ነበር። ሆነም። የኤፍ ቢ አይን የጣት አሻራ ማዕከል ከዋሽንግተን ነቅሎ ክላርክስበርግ ወሰደው። የባሕር ጠረፍ ጥበቃውንም የኮምፒውተር ማዕከል ማርቲንስበርግ አጠገብ አስተከለው። ዌስት ቨርጂኒያ እኮ ባሕር የላትም!

ግን ደግሞ ልንገራችሁ። ያንን ተራራ ያለ መንገድ የነዳሁበት ጊዜ አለ። ጠመዝማዛ፣ ጭጋግ፣ የከሰል መኪና ከፊት። ያ ሕዝብ ድሃ ነው፣ የአሜሪካ ከሰል ከሆዱ ተቆፍሮ የሄደበት ሕዝብ ነው። ቢርድን ሌባ ብለህ ብትነግራቸው ይሰድቡሃል። ኪሱ የገባ ነገር የለም፣ ለነሱ ነው ያመጣው። ለሌላው አሜሪካዊ ግን ብክነት ነው። ሁለቱም እውነት ነው።

ፕሬዚዳንቶችም ታግለውት ያውቃሉ። ጄምስ ማዲሰን በ1817 ሥልጣን ሊለቅ አንድ ቀን ሲቀረው የመንገድና የቦይ ሥራ ገንዘብ ሕጉን በቬቶ ጣለው፤ ሕገ መንግሥቱ አይፈቅድም ብሎ። ሬገን በ1987 የመንገዱን ሕግ 152 የተሸጎጡ ፕሮጀክቶች አሉበት ብሎ ቬቶ አደረገ። ኮንግረሱ ገለበጠው። ሴኔት ላይ 67 ለ33፣ አንድ ድምፅ ቢጎድል ቬቶው ይጸና ነበር። ከገለበጡት ውስጥ የራሱ ፓርቲ ሰዎችም ነበሩ፣ መንገድ ለሁሉም ደርሶት ነበርና። ቦስተን ያላችሁ ልጆች፣ ከከተማው ሥር የምትነዱበት ያ መሿለኪያ ከዚያ ሕግ ነው ገንዘብ ያገኘው። ሲጀመር ከ3 ቢሊዮን በታች ይፈጃል ተባለ፣ ሲያልቅ ከ14 ቢሊዮን በላይ ፈጀ። ዛሬ ደግሞ ይፍረስ የሚል አንድም የቦስተን ሰው አታገኙም።

በኋላ በ1996 ለክሊንተን ከሕጉ ውስጥ አንድ አንዱን መስመር እየመረጠ እንዲሰርዝ ሥልጣን ተሰጠው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1998 ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ 6 ለ3 ሻረው። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ ፕሬዚዳንቱ ወይ ሁሉንም ይፈርማል ወይ ሁሉንም ይጥላል። መንግሥት እንዳይዘጋ ይፈርማል።

ሲያትል_ዝናብ፦

ጋሼ ዕድሜ ይስጥዎት። ባሕር በሌለበት የባሕር ጠረፍ ጥበቃ የሚለው ገደለኝ።

ሳጅን_ኬ፦

እኔ ወታደር ነበርኩ፣ ስለ መከላከያው ልጨምር። እዛ ያለው ከሁሉም ይብሳል ምክንያቱም ኢርማርክ ተብሎ እንኳ አይጠራም።

2012 ላይ የጦሩ ኤታማዦር ሹም ጄኔራል ሬይ ኦዲየርኖ ኮንግረስ ፊት ቁጭ ብሎ አሁን ተጨማሪ አብራምስ ታንክ አንፈልግም፣ ለጥቂት ዓመት ምርቱን እናቁም፣ ብሩን ለሌላ እናውለው አለ። ልብ በሉ፣ ጄኔራል ነው አልፈልግም ያለው። ካሊፎርኒያ በረሃ ላይ ሁለት ሺህ ገደማ ታንክ ተደርድሮ ቆሞ ነበር። 173 የምክር ቤት አባላት አይሆንም ብለው ለመከላከያ ሚኒስትሩ ደብዳቤ ጻፉ። ከሁለቱም ፓርቲ። ከዚያ 181 ሚሊዮን ዶላር ጨመሩበት። የታንክ ፋብሪካው ያለው ላይማ፣ ኦሃዮ ነው። በዚያ ላይ ዕቃ አቅራቢዎቹ በብዙ ስቴት ተበትነዋል፣ ሁሉም ወረዳው ውስጥ ሥራ የሚያጣ ሰው አለው።

ይሄ ሁሉ የሆነው ኢርማርክ በታገደበት ጊዜ ነው!! እገዳው ስሙን ነው ያገደው።

የቁጥር_ሰው፦

@ሳጅን_ኬ እዚህ ላይ ለኮንግረሶቹም ጠበቃ ልሁንላቸው። ያቀረቡት ክርክር ፋብሪካው አንዴ ከተዘጋ ብየዳውን የሚያውቀው ሠራተኛ ይበተናል፣ መልሶ መክፈቱ የባሰ ያስወጣል የሚል ነበር። በ2022 ሩሲያ ዩክሬን ስትገባ ፖላንድ 250 አብራምስ አዘዘች። ፋብሪካው ተዘግቶ ቢሆን?

ሳጅን_ኬ፦

አሥር ዓመት ቀድመው ያንን አይተው ነው ልትለኝ ነው? ወረዳቸውን አይተው ነው እንጂ።

ነታንያ_ልጅ፦

ሻሎም ከእስራኤል። እኛ ጋ የፓርላማ አባል በተናጠል አይደለም፣ ፓርቲው ነው ተደራድሮ የሚወስደው። «የኮአሊሽን ገንዘብ» ይሉታል። መንግሥት ሲመሠረት ትንንሾቹ ፓርቲዎች «እንገባለን፣ ግን ለኛ ሰዎች ይህን ያህል ቢሊዮን» ይላሉ። በሜይ 2023 የጸደቀው የሁለት ዓመት በጀት 64 ለ56 ነው ያለፈው። ውስጡ 14 ቢሊዮን ሸቀል ገደማ የኮአሊሽን ገንዘብ ነበረበት። ብዙው ለሃይማኖት ትምህርት ቤቶችና ለየፓርቲው ደጋፊዎች። ከኦክቶበር 7 በኋላ ጦርነት ተጀምሮ በጀቱ ሲከለስ ወደ 300 የሚጠጉ ኢኮኖሚስቶች ይሄንን ቁረጡ ብለው ጻፉ። ከፊሉ ተነካ፣ ከፊሉ ግን ቀጠለ።

ከኢትዮጵያ የመጣነው ማኅበረሰብ እዚህ መንግሥት የሚያፈርስ የሚያቆም ፓርቲ የለውም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ድርድር ላይ የሚጠራን የለም። ለኛ የሚመጣው በ«ፕሮግራም» በኩል ነው፣ እሱም መጀመሪያ የሚቆረጠው። ስለዚህ እኔ ብክነት ነው ብዬ ስጮህ ግማሹ ቅናት ሊሆን ይችላል፣ እውነቱን ልናገር 😅

መገናኛ፦

ከአዲስ አበባ ነኝ፣ የናንተን የአሜሪካ ጉድ እያነበብኩ የኛው ትዝ አለኝ። እኛ ጋ የፓርላማ አባል ተነስቶ በጀቱ ውስጥ የወረዳውን ድልድይ ሲያስገባ አይተን አናውቅም። ሰነዱ ከገንዘብ ሚኒስቴር ይመጣል፣ ሐምሌ 1 የበጀት ዓመቱ ከመግባቱ በፊት ጥያቄ ይጠየቅና ይጸድቃል። ግን ምኞቱ እዚህም አለ፣ በሌላ በር ነው የሚወጣው። «ወረዳ ይሰጠን»፣ «ዞን እንሁን» የሚለውን ጥያቄ አስቡት። የማንነት ጥያቄ አለበት፣ አልክድም። ግን ወረዳ ሲኮን ጽሕፈት ቤት ይመጣል፣ ደመወዝ ይመጣል፣ መኪና ይመጣል። ዩኒቨርሲቲ ለእኛ ከተማ ለምን ቀረ የሚለውም እንደዚያው ነው። የመሠረት ድንጋይማ አታንሱብኝ። ባለሥልጣን መጥቶ አስቀምጦት ሄዶ ፍየል የሚቆምበት ድንጋይ ስንቱ ገጠር አለ።

ሚጥሚጣ፦

ሜቴክስ? ሜቴክን ሳታነሱ ስለ ብክነት ታወራላችሁ?

የቁጥር_ሰው፦

@ሚጥሚጣ ሜቴክ ሌላ ነገር ነው እህቴ። በፈረንጆቹ 2018 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ያለው ያለ ጨረታ 37 ቢሊዮን ብር የውጭ ግዢ ተፈጸመ ነው። ያ የግዢና የሙስና ጉዳይ ነው። ሳሪስ ያነሳው ደግሞ በአደባባይ ድምፅ ተሰጥቶበት፣ ሕጋዊ ሆኖ፣ ለመራጩ ተብሎ የሚባክን ገንዘብ ነው። ሁሉን አንድ ማሰሮ ውስጥ ካስገባነው አንዱንም አናጣራውም።

@መገናኛ ያነሳኸው ግን ትክክል ነው። ለክልሎች የሚሄደው ድጎማ በቀመር ነው የሚከፋፈለው፣ ቀመሩን የሚያወጣው ፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ቀመር ባለበት ለመሸጎጥ ያስቸግራል። ስለዚህ ሽኩቻው ወደ ፌዴራል ፕሮጀክቶች ይሄዳል፤ መንገዱ በማን በኩል ይለፍ፣ ስኳር ፋብሪካው የት ይተከል።

ነርሷ_ሜሪላንድ፦

ሁላችሁም ትሳደባላችሁ፣ እኔ ልከራከርላቸው።

የምሠራበት ክሊኒክ ትንሽ ነው። ስሙን አልናገርም። ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ነው የሚመጣው፣ የኛም ሰው አለ፣ ከሳልቫዶርም ከሌላም። ለፌዴራል ግራንት መወዳደር ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ማመልከቻው ትልቅ መጽሐፍ ነው። ትላልቆቹ ሆስፒታሎች ለዚህ ብቻ የተቀጠሩ ጸሐፊዎች አሏቸው። እኛ ያለችን አንዲት ሴት ናት፣ እሷም ደመወዝ ትሠራለች፣ ስልክ ታነሳለች፣ በመሐል ማመልከቻ ትጽፋለች። «በውድድር ይሁን» ስትሉ ሁልጊዜ ያንን ሀብታም ሆስፒታል ነው የምትመርጡት። የኮንግረስ አባሏ ግን ክሊኒካችንን ታውቀዋለች። መጥታ አይታዋለች። ጠየቅናት፣ አስገባችልን። የጥርስ ሕክምና ክፍል ተከፈተ።

ደግሞ በ2021 ሲመለስ በድሮው ዓይነት አልተመለሰም። በምክር ቤት በኩል የማኅበረሰብ ፕሮጀክት ገንዘብ ይሉታል። ለትርፍ የሚሠራ ኩባንያ አይወስድም። አባሉ የጠየቀውን ሁሉ በራሱ ድረ ገጽ ላይ ማውጣት አለበት፣ እሱም ቤተሰቡም ከዚያ ጥቅም እንደሌላቸው መፈረም አለበት። መጀመሪያ ላይ አንድ አባል ከ10 በላይ መጠየቅ አይችልም ነበር፣ በኋላ ወደ 15 ከፍ አሉት። ሲመለስ ጠቅላላው ኮንግረስ በየዓመቱ ከሚወስነው ገንዘብ አንድ በመቶ እንዳያልፍ ጣሪያ ተደርጎለት ነበር። ሳሪስ፣ የከኒንግሃም ታሪክ የድሮው ነው። አሁን ማን እንዳስገባው ስሙ ከነቁጥሩ ይታያል።

ሳሪስ_አቦ፦

@ነርሷ_ሜሪላንድ የጥርሱን ክፍል ማን ይቃወማል። ግን የኮንግረስ አባሏ ያላየችው ክሊኒክስ? እዚያ ያለ በሽተኛ ምን በደለ? የአባሏን ስልክ ያገኘ ያገኛል ማለት ነው እኮ ነገሩ። ደግሞ እኩል አይከፋፈልም። የበጀት ኮሚቴ አባልና አመራር ሲሆን ወረዳው ዝናብ ይዘንብለታል፣ አዲስ ገቢ አባል ጠብታ ይደርሰዋል። ቢርድ ሞተ እንጂ አሠራሩ አልሞተም። በ2024 የበጀት ዓመት ከ8 ሺህ በላይ ኢርማርክ ነው የገባው፤ በ2005ቱ ሕግ ካናደደኝም በለጠ።

ነርሷ_ሜሪላንድ፦

ያላየችው ክሊኒክ ይጥራት። እኛም ጠርተናት ነው የመጣችው። ደግሞ ያለ ኢርማርክ ምን እንደሚመስል አይተናል እኮ። በማርች 2025 ኮንግረሱ በጀት መስማማት አቅቶት ያለፈውን ዓመት በጀት እስከ ዓመቱ መጨረሻ ሲያራዝመው ኢርማርኮቹን ሁሉ አወጣቸው። ስንቱ ትንሽ ከተማ የውኃ ቧንቧ፣ የእሳት አደጋ መኪና ጠብቆ ቀረ። ዕዳው ቀነሰ? አልቀነሰም። ከብሩ ከፊሉ ለመሥሪያ ቤቶቹ ሄደ፣ የት እንደሚውል ደግሞ አስተዳደሩ ወሰነ። አንተ ከኮንግረስ አባሉ ይልቅ ማንነቱን የማታውቀው ሹም ቢወስን ትመርጣለህ?

ሽማግሌው፦

ነርሷ ልክ ነሽ፣ ሳሪስም ልክ ነህ። ይሄን ስል አድርባይ አትበሉኝ። ድሮ በስውር ሲሆን ይሉኝታ አልነበረም። አሁን በስም ሲወጣ ቢያንስ ጋዜጠኛው ይጠይቃል። በታገደበት ጊዜ ደግሞ አባሎቹ ለመሥሪያ ቤቶቹ ስልክ ይደውሉ፣ ደብዳቤ ይጽፉ ነበር፤ ያንን ማን አየው? እኔ የሚታየውን እመርጣለሁ። ጣሪያው ግን ይጥበቅ፣ አመራሩም እንደ ተራው አባል እኩል ይድረሰው። ሹመት ያለው ብቻ ሲጠቀም ነው ነገሩ የሚሸተው።

ሳሪስ_አቦ፦

ጋሼ በዚህ እስማማለሁ። እኩል ይከፋፈል ካሉኝ ግማሽ ንዴቴ ይወጣልኛል። ሌላው ግማሽ ለግብር ሰብሳቢው ለአይ አር ኤስ ነው።

ሚጥሚጣ፦

እናንተ ስትከራከሩ የኔን ተወካይ ድረ ገጽ ከፍቼ አየሁት። እውነትም ዝርዝሩ አለ። የፍሳሽ ማጣሪያ፣ የፖሊስ ሬዲዮ፣ የወጣቶች ማዕከል፣ የእግረኛ መንገድ። እያንዳንዱ ከነዶላሩ። የሻይ ጀበና ፈልጌ አጣሁ።

ግን ችግር ገጠመኝ። የእግረኛ መንገዱ በኛ ሰፈር ነው የሚያልፈው፣ እናቴ በየቀኑ በመኪና መንገዱ ዳር እየተሳቀቀች ወደ ቤተ ክርስቲያን የምትሄድበት። አሁን ሳሪስ፣ ልቃወም?

ሳሪስ_አቦ፦

የእናትሽን ተዪው። ፍሳሽ ማጣሪያው ማን ሰፈር ነው?

ሚጥሚጣ፦

የሳጅኑ ሰፈር አጠገብ።

ሳጅን_ኬ፦

እሱን እንዳትነኩት!!